ቡሬ ያልጠጣው ወተት

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል ያገሬ ሰው። መድኃኒት ቤት ስለምሠራ ይህን ተረት ከብዙ ሰው በላይ እወደዋለሁ፤ ለገበያም ይጠቅማል። ግን የተረተው ሰው አንድ ነገር የረሳ ይመስለኛል። አፍ የሌለውስ? ሰው ሲያመው ወገቡን ይዞ ይመጣል፤ «እዚህ ጋ ይወጋኛል፣ ወደዚህ ይዞራል» ይላል፤ ሳትጠይቁት ጎረቤቱ ውጦ የዳነበትን ክኒን ቀለም ጭምር ይነግራችኋል። ከባንኮኒው ወዲህ የቆምነው ደግሞ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሰውዬው ሳይጨርስ እጃችን መደርደሪያው ላይ ነው። ዓመታት ሲቆጠሩ እጅ ከጆሮ ይፈጥናል። የማጫውታችሁ የዚህችን ፈጣን እጄን ጉድ ነው።

የምሠራው ሰመራ ነው። ባለቤቴ ጸሐይ አዋሽ ታስተምራለች። በመካከላችን ቀን ሙሉ ሊፈጅ የሚችል መንገድና ማለቂያ የሌለው የጅቡቲ መኪና ሰልፍ አለ። መጀመሪያ ወደ ሰመራ ስመጣ ጸሐይ መናኸሪያ ድረስ ሸኘችኝና የተበሳሳ ካርቶን ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። «አንተ የሚያይህ ከሌለ ምሳ አትበላም» አለችኝ። ካርቶኑ ውስጥ ጥቁርና ነጭ የሆነ ወንድ ድመት ነበር። መልኩ የአባቷን በሬ ስላስታወሳት ቡሬ ብላዋለች። ቡሬ እስከ ሚሌ ድረስ ሲጮህ ሄደ፤ ከሚሌ በኋላ ሙቀቱ ሁላችንንም ዝም አሰኘን።

ጸሐይ ያሰበችው ደረሰ። ቡሬ በየቀኑ ስድስት ሰዓት ሲሆን ከኋላው ክፍል ቀዝቃዛ ወለል ላይ ይነሣና ባንኮኒው ላይ ዘሎ ይወጣል፤ በሽተኛ ከጤነኛ ሳይለይ ደንበኞቼን ገልመጥ ያደርግና ሱቅ እንድዘጋ ያስታውቀኛል። አብረን እንበላለን። ሁለት ዓመት እንዲህ ኖርን።

አንድ ማክሰኞ ግን ስድስት ሰዓት አለፈ፣ ቡሬ አልመጣም። ወደ ኋላ ብገባ ከካርቶኖቹ ጀርባ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ አገኘሁት። እንደ ልማዴ ሆዱ ሥር እጄን ሰድጄ ላነሣው ስል ጮኸ፤ እንዲህ ያለ ድምፅ ከድመት ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። ከዚያ እጄን እስኪደማ ነከሰኝ። ጥፍሩን እንኳ አውጥቶብኝ የማያውቅ! ንክሻውስ በሳሙና ታጠበ፤ ያሳዘነኝ ከነከሰኝ በኋላ ያየኝ አስተያየት ነው። በእሱ ዓይን ከመንገድ የገባሁ ሰው ነበርኩ።

በማግስቱ ባሰበት። አይበላም። ፀጉሩን አይልስም። የጀርባው ቆዳ ማንም ሳይነካው ይርገፈገፋል፤ ደንግጦ ዞሮ ወገቡን ያያል፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ተመልሶ ካርቶኑ ሥር ይገባል። ወሬው በሠፈሩ ተሰማና ጠያቂ በዛ። ጎረቤቴ እትዬ ዘሀራ የወሎ ሴት ናቸው፤ ከመድኃኒት ቤቱ አጠገብ ቁርስ ቤት አላቸው። እሳቸው ያለ ጥርጥር ዓይን ነው አሉ። «ትናንት አንድ ሹፌር ባንኮኒህ ላይ አይቶት ‹ወይ ድመት!› አለ። ማሻአላህ አላለም፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።» ከሰርዶ የመጣ ደንበኛዬ ጊንጥ ነው አለ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጓደኛዬ ደግሞ አዋሽን ናፍቆ ነው ብሎ በጣም አምርሮ ነገረኝ፤ እሱ ራሱ ዝውውር ከጠየቀ ቆይቷል።

ጸሐይ ደወለች። «ስልኩን ጆሮው ላይ አድርግልኝ» አለች። አደረግኩ። «ቡርዬ» ስትለው በሁለት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ጆሮው ተንቀሳቀሰ፤ ፊቱን ግን ከግድግዳው አላነሣም። ያየሁትን ነገርኳት።

«አሞታል» አለች።

«በምን አወቅሽ?»

«አንተም ሲያምህ ግድግዳ ነው የምታየው።»

አሞታል ከተባለ እንግዲህ ማን ቀረ? እኔ! ሕመም ማለት ሥራዬ ነው። እትዬ ዘሀራን ትንሽ የፍየል ወተት ለመንኩ፤ አንድ ፓራሲታሞል ከአራት ከፍዬ ሩቡን ፈጨሁ፤ ወተቱ ውስጥ በጥብጬ በሳህን አቀረብኩለት። ለሕፃን የምንሰጠው፣ ለእርጉዝ የማንከለክለው፣ ከሁሉ የዋህ የምንለው መድኃኒት ነው። ቡሬ አሸተተ። እኔን አየ። ፊቱን አዞረ። መርፌ በሌለው ሲሪንጅ አፉ ውስጥ ላደርግለት ብሞክር ደግሞ ነከሰኝ፤ በዚያችው እጄ ላይ።

«ምስጋና ቢስ!» አልኩት። እውነቴን ነው፣ ተቀይሜያለሁ። «ሲርብህ ትጠጣታለህ» ብዬ ሳህኑን ከካርቶኑ አጠገብ ትቼ ወደ ደንበኞቼ ተመለስኩ።

ከሰዓት በኋላ ዶክተር ሁሴን መጣ። የእንስሳት ሐኪም ነው፣ የአፋር ልጅ፤ በአሳይታ በኩል ፍየል ሲያክም ውሎ ዓይኑን አቧራ አቅልቶት የዓይን ጠብታ ሊገዛ ነው የገባው። ጠብታውን ስሰጠው የታሸገ እጄን አየና ምን እንደነካኝ ጠየቀኝ። ድመቴ ነው አልኩት፤ ያመዋል፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን ግን አዋሽ እያለ ጨርሷል።

«ምን ሰጠኸው?»

«ፓራሲታሞል። ብዙ አይደለም፣ ሩብ ነው።»

ጠብታውን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። «ጠጣው?»

«እምቢ አለኝ። ግን እዚያው ትቼለታለሁ፣ ሲርበው…»

አላስጨረሰኝም። ባንኮኒውን አልፎ ወደ ኋላው ክፍል እየገባ ነበር። «የድመት ሰውነት ይሄን መድኃኒት አያስወግድም!» አለኝ እየሄደ። «ደሙን ያበላሸዋል። ሩቧም ትገድለዋለች።»

ስንደርስ ሳህኑ ባዶ ነው። ጠብታ እንኳ አልቀረበትም፣ የተላሰ ይመስላል። ቡሬ ከካርቶኑ ጀርባ ዓይኑን ጨፍኖ ተኝቷል። ዶክተሩ ተንበርክኮ የቡሬን ከንፈር ገለጥ አድርጎ ድዱን ያያል፤ እኔ ሳህኑን ይዤ ቆሜያለሁ፤ ጸሐይን ምን ብዬ ልደውልላት ነው?

እትዬ ዘሀራ በኋላው በር ብቅ አሉ። «ምን ሆናችሁ?»

«ወተቱ!» አልኳቸው። «እትዬ ዘሀራ፣ ወተቱን ጠጣው!»

«ማን? እሱ? ኧረ እኔ ነኝ የደፋሁት! ዝንብ ገባበት። ሳህኑንም አጥቤ መለስኩት። ታማሚ ዝንብ የገባበት ይጠጣል እንዴ?»

ዶክተር ሁሴን «አልሐምዱሊላህ» አለ። እኔ ካርቶን ላይ ተቀመጥኩ። የሰመራን ዝንብ ያልረገምኩበት ቀን አልነበረም፤ ያችን አንዷን ግን ነፍሷን ይማር።

ከዚያ ዶክተሩ ቡሬን በእትዬ ዘሀራ ፎጣ ጠቅልሎ ቀስ ብሎ መረመረው። «እኔ የግመልና የፍየል ሰው ነኝ» አለ፤ «ግመል ሲያመው አገር ይሰማል። ድመት ይደብቃል።» አፉን አየ፣ እግሮቹን አጠፈ ዘረጋ፣ ሆዱን ዳሰሰ። ወገቡ ላይ ሲደርስ ቡሬ ጮኸ። ቁስል የለም፣ ስብራት የለም፣ እሾህም የለም፤ ሽንቱም ደኅና ነው። «ምን ነካው ታዲያ?» አልኩት።

«አላውቅም» አለ።

እንዲህ ያለ ቃል ከባለሙያ አፍ ከሰማሁ ቆይቻለሁ። ከራሴ አፍማ ጨርሶ ሰምቼውም አላውቅ።

ባያውቅም አልተወውም። ለድመት የሚሆን የሕመም ማስታገሻ ከቦርሳው አውጥቶ በጣም በትንሹ ለክቶ ወጋው፤ ማንም እንዳያነሣው፣ ምግቡና ውኃው አፍንጫው ሥር እንዲቀርብለት አዘዘ። አራት ቀን ሙሉ ከሥራ ሲመለስ ጎራ እያለ አየው። እትዬ ዘሀራ ጨውና ሽንኩርት ያልነካው የሥጋ መረቅ አመጡለት፤ «አብሽር ሆዴ፣ አላህ ያሽርህ» እያሉ ከደንበኛ በላይ አስተናገዱት። እኔ ወለሉ ላይ አጠገቡ እቀመጥ ነበር። አልነካውም፤ እቀመጣለሁ ብቻ። በአምስተኛው ቀን የፊት እግሩን አንሥቶ ላሰ። ጉዳዩ ድመት የእግሩን ጣት መላሱ ነው፤ እኔ ግን ዓይኔን ጠረግኩ። ዶክተር ሁሴን «አንተም አቧራ ገባብህ?» አለኝ።

ሕመሙ ምን እንደነበር እስከ ዛሬ አልታወቀም። ቡሬ አሁን ደኅና ነው፤ ባንኮኒው ላይ ግን በአንድ ዝላይ አይወጣም። መሃል ላይ ካርቶን አድርጌለት በእሷ ተረማምዶ ይወጣል፤ በዕድሜው እንደ መጣ ነገር አድርጎ በክብር ነው የሚወጣት።

የወተቱን ነገር ለጸሐይ በስልክ ለመንገር ድፍረት አጣሁ። አዋሽ በሄድኩ ጊዜ ፊት ለፊት ተቀምጬ አንድ በአንድ ነገርኳት። ሰምታ ስትጨርስ እጄን ስባ ጠባሳውን አየችው።

«ሁለት ጊዜ ነው የነከሰህ?»

«ሁለት ጊዜ።»

«ደግ አደረገ» አለች። እጄን ግን ሳትለቅ «ተመስገን በል» አለችኝ። አልኩ። ዛሬም እላለሁ፤ ቢያምነኝ ኖሮ የምቀብረው ወዳጅ ነበረኝና።

ወደ ሰመራ ከተመለስኩ ጀምሮ አንድ አመል አወጣሁ። ማንም መጥቶ «ፓራሲታሞል» ሲለኝ እጄን ከኪሴ ሳላወጣ «ለማን ነው?» እላለሁ። ሰው ይሰለቻል። «ለራሴ ነው፣ ምን አገባህ» ያለኝ አለ። «ለድመቴ» ያለኝ እስካሁን የለም። ባለፈው ግን አንዲት ወጣት እናት ሻንጣዋን በር ላይ አስቀምጣ፣ ልጇን በጀርባዋ አዝላ ገባች። መኪና ሊያመልጣት ነው።

«ለማን ነው?» አልኳት።

«ለዚሁ ነው» አለች፣ ጀርባዋን በአገጯ እያሳየች። «ክኒኑን ግማሽ ግማሽ አድርጌ ልሰጠው ነው። ደግሞ ሌላው ጋ እኮ ሳይጠይቁ ነው የሚሰጡት!»

«እኔም ሳልጠይቅ ነበር የምሰጠው» አልኳትና ወንበር ሳብኩላት። «አውርጂው እስቲ። ስንት ወሩ ነው?»