ባለ ሁለት ኩላሊቱ በሽተኛ

ትናንት ሌሊት በሕልሜ፣ ሁለት ኩላሊት ይዞ መኖር በሽታ ሆኖ አየሁ።

ሕልሙን ከመናገሬ በፊት እውነቱን ልናገር፤ ከሐሜተኛ ከምትሰሙት ከእኔው ብትሰሙ ይሻላል። የታናሽ እህቴ የስንዱ ኩላሊቶች ሥራ ካቆሙ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። በሳምንት ሦስት ቀን፣ አራት አራት ሰዓት እየተኛች እጥበት ታደርጋለች። ንቅለ ተከላ ያስፈልጋታል ሲባል እናታችን ቀድማ ተነስታ ነበር፤ የደም ግፊቷ ከፍ ብሎ ተገኘና ቆዪ ተባለች። የእኔ ምርመራ ግን ሁሉም ልክክ አለ። ይኸው ልክክ ካለ ሰባት ወሩ ነው። እኔ በመሥሪያ ቤቴ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝና ሳይጠየቅና ሳይጻፍ የሚወሰን ነገር አይዋጥልኝም። ደብተር ገዝቼ ለሐኪሙ የሚቀርቡ ጥያቄዎችን መመዝገብ ጀመርኩ። አንዱ ሲመለስ ሁለት ይወለዳል። እስከ ትናንት ሠላሳ አንድ ደርሰዋል። ሐኪሙም ገና ሲያየኝ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ማሸት ጀምሯል።

እናም በሕልሜ ሆስፒታሉ በር ላይ ቆሜያለሁ። ከአጥሩ ውጭ ፀሐይ ላይ፣ ነጭ ጋዋን የለበሱ ሐኪሞች ካርድ ይዘው ተሰልፈዋል። ውስጥ ደግሞ በሽተኞች በየጠረጴዛው ተቀምጠው «ቀጣይ!» ይላሉ። አንድ ስፔሻሊስት ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ቆሞ እግሩ እንዳበጠ ነገረኝ።

«ተራ አልደረሰህም?» አልኩት።

«በሽተኛዬ ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ከሰዓት ተመለስ አሉኝ» አለ።

በሩ ላይ ፈታሹ እጄን ወደ ላይ አስነሳኝ።

«ጥያቄ ይዘሃል?»

«ኧረ ምንም!»

ደረት ኪሴን ዳበሰና አንድ ብጣሽ ወረቀት መዞ አወጣ። «ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?»

«‹ከሰጠሁ በኋላ ከባድ ዕቃ ማንሳት እችላለሁ ወይ› የሚል ነው።»

«ሥራህ ምንድን ነው?»

«ቃለ ጉባኤ እጽፋለሁ።»

«ከእስክሪብቶ የከበደ ምን አንስተህ ታውቃለህ?»

«ያው… እንዳልከለከል ብዬ ነው።»

ከግራ ካልሲዬ «ጠባሳው ይታያል ወይ» የሚለውን አወጣ። ከቀበቶዬ ሥር «የቀረኝ አንዱ ቢታመምብኝስ» ወጣ። ይህችን ሁለቴ አነበበና «ይቺ እንኳ የደንብ ጥያቄ ናት» ብሎ ወረቀቷን መለሰልኝ። የቀሩትን ጆንያ ውስጥ ከተታቸው። ጆንያው ሞልቶ ሌላ ጆንያ አስመጣ።

እኔ ገና ስፈተሽ እናቴ ከኋላዬ መጣች። ፈታሹ ነጠላዋን አራግፎ አየ፤ አንድም ጥያቄ አልተገኘባትም። «እማዬ፣ ወዴት ነው?» ስላት ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ አልፋኝ ገባች።

እኔን ግን ወስደው «የባለ ሁለቶች ክፍል» የሚባል ውስጥ አስተኙኝ። ወዲያው የሰፈር ሰው ብርቱካን እያንጠለጠለ ይጎርፍ ጀመር። የዕድራችን ሊቀ መንበር ጋሽ ብሥራት ጆሮዬ ሥር ጎንበስ ብለው፣

«ሁለቱም ይሠራሉ አሉ?» አሉኝ።

«ሁለቱም።»

«ውይ ልጄን! አይዞህ፣ ለእግዜር ምን ይሳነዋል? አንዱን ያነሳልሃል።»

ሴቶቹ ከንፈር መጠጡ። «ሁለት ይዞ መጾም ይቻላል?» አለች አንዷ። «አንደኛው ሲሠራ ሌላኛው ምን ይሠራል?» አለች ሌላዋ። «ዕድሜስ አያሳጥርም?» «ልጅ መውለድስ?» ደሜ ፈላ። ተነስቼ ላባርራቸው ስል ግን ጥያቄዎቹን የማውቃቸው መሰለኝ። የጎደላቸው የእኔ የእጅ ጽሑፍ ብቻ ነበር።

በሩ ተንኳኳና ሦስት ሽማግሌዎች ገቡ። ልብ ጋቢውን ደርቦ ፊት ፊት ይመራል፣ ጉበት ይከተላል፣ ሳንባ ደረጃው አድክሞት ቁና ቁና ይተነፍሳል። ከኋላቸው ቀኝ ኩላሊቴ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። መቼ ከጎኔ እንደወጣ አላውቅም።

«አረፍ በሉ እንጂ» አልኳቸው።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አለ ልብ። «ይህ ልጃችን እህትህ ቤት ገብቶ ሊያገለግል ይፈልጋል። ፈቃድህን ልንለምን ነው የመጣነው።»

እኔም እንደ ልማዴ ጉሮሮዬን ጠረግኩና «ሐሳቡ በመርህ ደረጃ መልካም ነው፤ ለሚቀጥለው ስብሰባ ይተላለፍ» አልኩ።

«ሰባተኛው ስብሰባ እኮ ነው!» ብሎ ጮኸ ጉበት። ስለ ቢራዬም ሊጨምር ሲል ልብ በክርኑ ጎሸም አደረገው።

ይሄኔ ኩላሊቴ ራሱ ወደ ፊት ወጣ። «ጥበቡ፣ አርባ ሦስት ዓመት አብረን ኖርን» አለኝ። «የጠጣኸውን ሁሉ ሳጣራ ስኖር አንድ ቀን እንደምን አደርክ ብለኸኝ አታውቅም። አሁን ልሂድ ስል ሠላሳ አንድ ጥያቄ! በል፣ የእኔ ሦስት ብቻ ናቸው። እዚያ ስሄድ ውኃ ይሰጡኛል?»

ስንዱ ውኃ የሚያጣራላት ኩላሊት ስለሌላት፣ በሐኪም ትእዛዝ በሻይ ብርጭቆ ለክታ ነው የምትጠጣው። ባለፈው እኔ ቤት መጥታ፣ ፊቷ አንድ ጠርሙስ ውኃ ሳጋምስ በበረዶ ቁራጭ ከንፈሯን ስታረጥብ አየኋትና ፊቴን ወደ ቴሌቪዥኑ አዞርኩ። ይህ ትዝ ብሎኝ አፈርኩ። «አንተ ከሄድክላትማ እስክትጠግብ ትጠጣለች» አልኩ።

«መድኃኒቷንስ ትውጣለች? ካልዋጠች ገላዋ ባዕድ ነህ ብሎ ያባርረኛል።»

«ዕድሜ ልኳን፣ በሰዓቱ። እሷ እንደ እኔ አይደለችም።»

«ሦስተኛው፤ የሰጪው ጠባይ ከኩላሊቱ ጋር ይተላለፋል ወይ ብለህ ሐኪሙን ጠይቀህ ነበር። አይተላለፍም ተባልክና ጉዳዩ አለቀ። ግን ለምን ጠየቅህ? አንተን እንዳትመስል ፈርተህላት ነው?»

 ጋሽ ብሥራት ብርቱካን መላጣቸውን ተዉ።

መልሱ ነበረኝ። ፈሪ ነኝ ነው መልሱ። ቢላውን እፈራለሁ፣ ተኝቼ አለመንቃትን እፈራለሁ፣ ፍርሃቴን ሁሉ ጥያቄ ብዬ ተራ ቁጥር ሰጥቼው ኖሬያለሁ። ይህንኑ ልናገር አፌን ስከፍት የወጣው ግን «በጉዳዩ ላይ አጣሪ ኮሚቴ ይቋቋም» የሚል ነበር።

ሽማግሌዎቹ ሳይቀመጡ ወጡ። ሽማግሌ ሳይቀመጥ ከወጣ ምን ማለት እንደሆነ ማንም ያውቃል። ኩላሊቴም ዞር ብሎ ሳያየኝ ተከተላቸው። በባዶ እግሬ ኮሪደሩን እየሮጥኩ «ቁሙ! እሺ ብያለሁ! እሺ ማለቴ ይመዝገብልኝ!» እያልኩ ጮኽኩ። የቀዶ ጥገናው ክፍል በር ላይ ያው ፈታሽ ቆሞ ጠበቀኝ።

«ጥያቄ ይዘሃል?»

«በእናቴ ስም፣ አንድም የለኝም!»

«አፍህን ክፈት።»

ከፈትኩ። ከምላሴ ሥር አንዲት ቁራጭ ወረቀት አወጣና ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበባት፤ «ዛሬ ከሚሆን ነገ ቢሆን ምን ይለዋል?»

ስልኬ ሲጮህ ነቃሁ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። እጄ ቀኝ ጎኔን ጨምድዶ ይዟል። የደወለችው ስንዱ ነበረች። አሎ እንኳ ሳትለኝ ቀደምኳት።

«ስንዱ፣ ስሚኝ፣ ወስኛለሁ። ደብተሩን እቀደዋለሁ። ዛሬውኑ መጥቼ እፈርማለሁ።»

 ከጀርባዋ የአልጋ ጎማ ሲንቋቋ ይሰማኛል።

«ወንድም ጋሼ፣ እማዬን አሁን ቀዶ ጥገና አስገቧት» አለች። «ግፊቷ ከተስተካከለ ቆየ፤ ምርመራዋን ሁሉ ጨርሳ ትናንት ነው ሆስፒታል የተኛችው። እኔንም ሊወስዱኝ ነው፣ ነርሷ ስልኩን ልትቀበለኝ ቆማለች።»

«እንዴ፣ ጥያቄ እንኳ አልጠየቀችም?»

«አንድ ጠየቀች። ‹ልጄ ውኃ የምትጠጣው ከስንት ሰዓት በኋላ ነው?› አለችው ሐኪሙን።»

«ታዲያ እንዴት ለእኔ አትነግሩኝም?»

«ማታ ልደውልለት ብያት ነበር። እንቢ አለች።»

«ምን ብላ?»

«‹ተይው፣ አትቀስቅሺው፤ ይተኛ› ብላ።»