የጋሽ ዘርጋ ባሕር ስልባቦት

አገራችን ባሕር የላትም ያላችሁ ማነው? ወልቂጤ፣ ጋሽ ዘርጋ ሳሎን ውስጥ አለ፦ ጨዋማ ውሃ የሞላ የመስታወት ገንዳ፣ ባለ ቀለም ዓሦች ያሉበት። ባለ ባሕር ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? «ግባ፣ ተቀመጥ» አይልም፤ ሰላምታው «ውሃው ላይ አትተንፍስ!» ነው። ውሃው እንደ ወተት ስልባቦት ከያዘ ዓሦቹ ይታፈናሉ ብለው፣ ጋሽ ዘርጋ ቀኑን ሙሉ ሶፍት እያነጠፉ ያነሱታል።

ለመስቀል እናታቸው ከአረቅጥ መጡ። ዓሦቹን አይተው «ውይ፣ ምነው እንዲህ ከሱ?» አሉና ለክትፎ የተነጠረውን ቅቤ አንቆረቆሩላቸው። ዓሦቹ በማግስቱ አለቁ። እናትየውም በዓመቱ አረፉ።

ሰሞኑን ብሄድ፣ ጋሽ ዘርጋ ዓሣ በሌለበት ውሃ ላይ ሶፍት ያነጥፋሉ።

«ጋሼ፣ ለማን ብለው ነው?»

«አሽትተው» አሉኝ። ሶፍቱ ኮረሪማ ኮረሪማ ይሸታል። «ጠርጌው አድራለሁ፤ ጠዋት አዲስ ቅቤ ነው። እናቴ ዛሬም ከስተዋል ትላለች።»

ከዚያ ከትከሻዬ በላይ ባዶውን አዩና፣ «አንተንም ከስቷል እያለች ነው» አሉ።

እየሳቅሁ ወጥቼ ባጃጅ ያዝኩ። ሾፌሩ በመስታወቱ አየት አደረገኝ።

«ወንድሜ፣ ቅቤው ዓይንህ ውስጥ ሊገባ ነው» አለኝ።