ለይሁኔ ዋስ የሆነው ዓሣ

እኛ የጎጃም ደገኞች ከዓሣ ጋር ያለን ዝምድና የሩቅ ነው። መንገድ ላይ ብናገኘው ሰላም ብለነው እናልፋለን እንጂ ቤታችን አንጠራውም። ገብስ የሚያበቅል መሬትና በግ የሚያሰማራበት ጋራ ያለው ሰው፣ ውሃ ውስጥ እጁን ሰዶ እራት የሚፈልገው ምን ሆኖ ነው? አባቶቻችንም «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ብለው ነገሩን ዘግተውታል። ልብ በሉ፣ ዓሣ ጎርጓሪ ዓሣ ያወጣል አላሉም። ይህን ከነጭራሹ አላሰቡትም።

እኔ ግን ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ላይ ምሽግ ሠርቶ በተቀመጠበት ዘመን ከወዳጆቼ ጋር ዓሣ ላጠምድ ወጥቻለሁ። ያውም በጀልባ። ያውም ጨሞጋ ወንዝ ላይ። ጨሞጋን የምታውቁ ከአሁኑ ሳቁ፤ የማታውቁት ቆይታችሁ ትደርሱብናላችሁ።

የአምበር መንደሩ ጓደኛችን ይሁኔ ገብስ የተጫነች በቅሎ ወደ ጫካ ሲነዳ ተያዘ። ለአርበኞች ስንቅ ሊያቀብል ነው ተባለ። እኛም ሐሰት ነው ብለን ማልን። (ሐሰት አልነበረም፤ ግን የማልነው ለጠላት ስለሆነ ንስሐ አባቴ ቀለል አድርገው አይተውልኛል።) ሰኞ በካሚዮን ጭነው ወደማናውቀው አገር ሊወስዱት መሆኑን ስንሰማ፣ እኔና ብሬ የሚባለው ጓደኛችን እንዳገራችን ደንብ ዋስ ልንሆነው ወደ ምሽጉ ሄድን። ይሁኔ ለእኔ ከወንድም አይለይም፤ ካሚዮን ላይ የወጣ ሰው ሲመለስ ደግሞ አላየንም።

አዛዡ ሻምበል ስቆ ሲያበቃ አስተርጓሚው ሳቁንም ተረጎመልን።

«ሃ ሃ ይላሉ» አለ ኮስተር ብሎ። «የዚህ አገር ዋስ ራሱ ይጠፋል ይላሉ። ሦስት ዋስ ተቀብዬ ሦስቱንም እየፈለግኩ ነው ይላሉ።»

ሻምበሉ ባሕር አጠገብ ያደገ ሰው ነው። ደጋ ከወጣ ወዲህ መንጠቆ ውሃ ውስጥ ጥሎ አያውቅም፤ ናፍቆቱ እንደ ወባ ያንቀጠቅጠው ነበር። ጥቂት አሰበና «እሑድ ዓሣ አስይዙኝ። የሚታገል ዓሣ ከያዝኩ እሱ ዋስ ይሁነውና ጓደኛችሁን እለቀዋለሁ» አለ። የሚታገል የምትለዋን ቃል ያኔ ልብ አላልናትም።

እኛ ዘንድ ዓሣ የሚያዝበት መንገድ የታወቀ ነው። የብርብራ ዛፍ ፍሬ ይወቀጥና ውሃው ላይ ይበተናል፤ ዓሣው ይሰክርና ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ይንሳፈፋል፤ ሰው በእጁ ይለቅመዋል። ዘንግ ይዞ ዓሣ ደጅ መጥናት የለም። ቅዳሜም እሑድም ሰንበት ነውና ብርብራውን ዓርብ ወቀጥነው።

እሑድ ሻምበሉ የጎማ ጀልባ በበቅሎ አስጭኖ ከወታደሮቹ ጋር መጣ። በጋ ስለነበር ጨሞጋ ከስቶ፣ ደህና ውሃ የቀረው ወንዙ በሚታጠፍበት ጥልቅ ቦታ ብቻ ነበር። ሻምበሉ፣ አስተርጓሚውና እኔ ተሳፈርን። «ትልቅ ዓሣ የሚገኘው ከዳር ርቆ ነው ይላሉ» አለ አስተርጓሚው። ራቅን። ስድስት ክንድ ያህል ራቅን። ከዚያ በላይ ብንርቅ ለወዲያኛው ዳር እንቀርብ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ አንዲት እናት ቆም ብለው አዩንና «ልጆቼ፣ ለመሻገር ከሆነ እኮ ከታች መረማመጃ ድንጋይ አለላችሁ!» ብለው መከሩን። አስተርጓሚው ይህንን አልተረጎመም።

ቀትር ሆነ። ዘንጉ ንቅንቅ አልል አለ። ሻምበሉ ፊቱ ጠቆረ፤ የሰኞው ካሚዮን ትዝ አለኝ። ፈራሁ፤ ከልቤ ፈራሁ። ያን ጊዜ በነጠላዬ ጫፍ ግንባሬን ጠረግኩ። ይህ ከላይ በኩል ቁጥቋጦ ውስጥ ከተደበቀው ከብሬ ጋር የተስማማንበት ምልክት ነው፤ አንድ መጥረግ፣ አንድ እፍኝ ብርብራ። ችግሩ ላቤ አላቆም አለ። ጠረግኩ፣ ደግሜ ጠረግኩ። ብሬ ደግሞ ታዛዥ ሰው ነውና ስልቻውን እንዳለ ገለበጠው።

ብዙም ሳይቆይ የጨሞጋ ዓሣ፣ አዛውንቱም ሕፃኑም፣ ሆዱን ለፀሐይ ሰጥቶ ጀልባችንን ከበበ። ብሬ ከቁጥቋጦው ወጥቶ «ይኸው ዋስ! ምረጡ!» እያለ ይጨፍራል። ሻምበሉ ዘንጉን ወርውሮ ጮኸ።

«ምን አሉ?» አልኩ።

«የተኛ ዓሣ ዋስ አይሆንም ይላሉ። የሚታገል ነው ያልኩት ይላሉ። ካሚዮኑ ነገ ይሄዳል ይላሉ።»

እንባዬ መጣ። ልለምነው ብዬ ከሁሉ የሚበልጠውን ዓሣ ለቀምኩ። ለትልቅ ሰው የሚቀርብ ነገር ታጥቦ ነውና፣ ለመጠጥ ባመጡት ንጹሕ ውሃ ባልዲ ውስጥ ደህና አድርጌ አለቀለቅኩት፤ ከዚያም ጎንበስ ብዬ በሁለት እጄ አቀረብኩለት። ንጹሕ ውሃ ያገኘ የብርብራ ሰካራም እንደሚነቃ ማን ያስታውሰኝ?

ዓሣው ነቃ። ነቅቶም ራሱን በጠላት እጅ አገኘ። የሻምበሉን ግራ ጉንጭ በጅራቱ አጮለው፤ ሻምበሉ አንቆ ሊይዘው ሲወራጭ ጀልባው ተገለበጠና ሦስታችንም ጨሞጋ ገባን። ዓሣው በእግሮቻችን መሃል ተፈትልኮ ሄደ። ዳር ያሉት ወታደሮች ጠመንጃቸውን አቀባበሉ።

ሻምበሉ ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሞ ጉንጩን ዳሰሰ። ከዚያ አፉን ከፈተ።

«ሃ ሃ ይላሉ» አለ አስተርጓሚው ከጆሮው ውሃ እያራገፈ። «ታገለኝ ይላሉ። ዋሱ ግን ይኸው ጠፋ፣ አላልኳችሁም? ይላሉ። ቢሆንም ቃል ቃል ነው ይላሉ።»

ይሁኔ በዚያው ቀን ፀሐይ ሳትጠልቅ ተፈታ። ቤቱ እንኳ ሳይደርስ በቀጥታ ጫካ ገባ። ሻምበሉም ስለ አገራችን የያዘው ሐሳብ ሙሉ ማስረጃ አገኘ፤ ዋሱም ጠፋ፣ የተዋሰለትም ጠፋ።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ይሁኔ በደህና ተመለሰ፤ አብረንም አረጀን። ባለፈው ልጁ ከጣና የመጣ ዓሣ አስጠብሶ እኛን ሽማግሌዎቹን ጋበዘን። ይሁኔ ሰሃኑን አየት አደረገና በቀስታ ገፋው።

«ዛሬ እኮ ፍስክ ነው አባዬ» አለ ልጁ።

«ጾሙን አይደለም» አለ ይሁኔ። «እኔ ዋሴን አልበላም።»

እኔና ብሬ ግን ቂም አለን። ሻምበሉ ከእኛ ይልቅ ያመነው ዓሣን ነው። በላነው።