የሴቶች በር የሌለው ስልክ

ትልልቁን ነገር ለመወሰን ጊዜ የሚፈጅ ሰው ብዙም አላጋጠመኝም። እኔ ራሴ ሚስቴን ያገባሁት በተዋወቅን በሦስተኛው ሳምንት ነው። ቤቴን የሠራሁበትን ቦታ የመረጥኩት ከዝናብ ልጠለል ቆሜ ሳለሁ፣ «እዚህስ ደህና ነው» ብዬ ነው። አስጎብኚነቱንም ቢሆን የታመመ ጓደኛዬን ለግማሽ ቀን ልተካ ገብቼ ይኸው ስተካ አሥራ አምስት ዓመት ሆነኝ። ትንንሹ ነገር ላይ ሲደረስ ግን ጉድ ነው። ለልጁ የክርስትና አባት ለመምረጥ አምስት ደቂቃ ያልፈጀበት ሰው፣ የስልክ ሽፋን ሲመርጥ ባለሱቁን እስኪያንገፈግፈው ያገላብጣል። አትሳቁ፤ እናንተም ያው ናችሁ። እኔማ ከአንድሮይድ ወደ አይፎን ልሻገር ወይስ ባለሁበት ልርጋ እያልኩ አራት ወር ሙሉ ስብሰለሰል ከረምኩ። በአራት ወር እኮ ገብስ ተዘርቶ ይደርሳል።

ጥፋቱ በከፊል የላሊበላ ነው። ድሮ በኛ አገር ሰው ሲተዋወቅ «የየትኛው ደብር ሰው ነህ?» ተባብሎ ይጠያየቅ ነበር። አሁን ሳይጠይቅህ፣ እጅህ ላይ ያለውን አይቶ ራሱ ይመድብሃል። እኛ አስጎብኚዎች ዘንድ ደግሞ ነገሩ ይከርራል። እንግዶቹ ከቤተ ጊዮርጊስ ጉድጓድ ወጥተው ጫማቸውን ሲያጠልቁ ፎቶ መለዋወጥ ይመጣል። አንዱን አይፎን ከሌላው አይፎን ጠጋ ያደርጉና ያለ ምንም ኢንተርኔት፣ በጥቅሻ ያህል ጊዜ ይቀባበላሉ። ጌጡ የሚባል የሥራ ባልደረባዬ ከተሻገረ ዓመት ሆኖታል፤ አረማመዱ ሁሉ ተለውጧል። እሱ ያነሳውን ፎቶ እንግዶቹ የጫማ ክራቸውን አስረው ሳይጨርሱ ይቀበሉታል። እኔ «በኢሜይል እልክላችኋለሁ» ብዬ ፈገግ እላለሁ፤ እነሱም ለወጉ ያህል ፈገግ ይላሉ። በኛ ኔትወርክ ፎቶው እስኪደርስ እነሱ የልጅ ልጅ ያያሉ። እንግዳ ደግሞ አገሩ ገብቶ ለወዳጁ የሚጠቁመው ፎቶውን ያነሳለትን ሰው ነው። ጎብኚ የሚባል ፍጡር ዓይኑ ከጠፋበት ከዚያ ክፉ ጊዜ በኋላ፣ የአንድ ሰው መምጣት ምን ማለት እንደሆነ የላሊበላ ሰው ያውቀዋል።

በዚህ ላይ ስልኩ ራሱ መጣልኝ። አንዲት በዕድሜ የገፉ ፈረንጅ ነበሩ። ከአንዱ ቤተ ክርስቲያን ወደ ሌላው በሚያሻግረው ጨለማ ዋሻ ውስጥ እጄን ይዘው፣ ብርሃን ላይ ከወጣን በኋላም ለመልቀቅ የረሱ ሴት ናቸው። አገራቸው ሲገቡ አዲስ ስልክ ገዙና የቀድሞውን አይፎናቸውን በሱፍ ካልሲ ጠቅልለው፣ ሌላ መንገደኛ አስይዘው ላኩልኝ። የኔ አንድሮይድ ደግሞ ባትሪው አብጦ፣ ስምንተኛ ወሯን እንደያዘች ነፍሰ ጡር ጀርባው ገፍቶ ነበር። እንግዲህ አሮጌው እየሞተ፣ አዲሱ በነጻ እጄ ገብቶ፣ ሥራዬም እየጮኸ፣ «ታዲያ ምን ያስጨንቅሃል?» ትሉኝ ይሆናል።

እናቴ ናታ!

እናቴ ወይዘሮ አዲሴ ትውልዷ እዚሁ ላሊበላ ነው፤ የተዳረችው ግን ብርዱ ከጋቢ ሥር ገብቶ ወደሚቆነጥጥበት ወደ ሙጃ ነው። አባቴ ካረፈ በኋላም «ከቤቴ አልነቃነቅም» ብላ እዚያው ቀረች። ፊደል አልቆጠረችም። ቅዳሴውን ግን ከዳር እስከ ዳር በጆሮዋ ስለያዘችው ዲያቆን ቃል ቢዘል ታስታውሰዋለች። ያኔ በጦርነቱ ኔትወርክ በጠፋባቸው ወራት እሷ የኔን፣ እኔ የሷን መኖር ሳናውቅ ከርመን ነበር። ያንን ጊዜ ማስታወስ አልወድም። መስመሩ የተመለሰ ሰሞን የመጀመሪያ ሥራዬ ሁለት ስልክ መግዛት ሆነ፤ በዓይነትም በቀለምም አንድ የሆኑ፣ አንዱ ለኔ አንዱ ለሷ። ዘዴዬ ገብቷችኋል? እሷ ስልኳን ይዛ ግራ ሲገባት፣ እኔ የራሴን እያየሁ «እዚህ ጋ ንኪ» እላታለሁ። የት እንዳለ የማያውቀውን ሰው መምራት የእንጀራ ገመዴ ነው፤ ለዓለም ሕዝብ ያደረግኩትን ለእናቴ አያቅተኝም።

ባወጣሁላት የማስተማሪያ ካርታ ግን ትንሽ ልኩራራ፤ ፍቀዱልኝ። «ከላይ በስተግራ» ቢሏት ለማይገባት ሴት ምን ይባላል? ስልኩ ቤተ ክርስቲያን ነው አልኳት። ቀጥ አድርገሽ ያዢው፤ ከላይ ምሥራቅ፣ ከታች ምዕራብ። ሰዓቱና ባትሪው የሚታዩበት የላይኛው ጠባብ ቦታ መቅደስ ነው፤ ምእመን አይነካውም። (ይህን ያልኩት ከላይ እየጎተተች ኔትወርኩን ስለምትዘጋው ነበር። ከዚያ ወዲህ ጣቷ ወደዚያ ዝር አላለም።) መካከሉ ቅድስት ነው፤ የልጅ ልጆቿ ፎቶ እዚያ ተቀምጧል። ከታች ቅኔ ማኅሌቱ፤ አረንጓዴው መደወያ እዚያ ቆሟል። ከሁሉ በታች በቀኝ ጥግ፣ ወደ ኋላ የምትመልሰው ምልክት ደግሞ የሴቶች በር ናት። «የትም ገብተሽ ብትጠፊ እማየ፣ በሴቶች በር ውጪ» አልኳት። ባገሬ ሊቃውንት ፊት አፌን ሞልቼ ባልናገረውም፣ ከዚህ የተሻለ የስልክ ትምህርት ተሰጥቶ አያውቅም።

እንደዚያም ሆኖ እሑድ በመጣ ቁጥር እናቴ ትጠፋለች። ከቅዳሴ በኋላ እደውላለሁ፤ «ልጀ፣ ያች ሥዕል ተሰወረችብኝ» ትለኛለች። ድምጹን ከፍ አድርጌ፣ የራሴን ስልክ ጭኔ ላይ አስቀምጬ፣ በቅኔ ማኅሌት አስገብቼ በቅድስት አዙሬ በሴቶች በር አወጣታለሁ። መንገድ ላይ ወሬ ይነሳል፤ የላሟን መውለድ፣ የጎረቤቷን ጉልበት፣ የኔን መክሳት እናወጋለን። አንዳንዴ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ሚስቴ «እንዴት ዓመት ሙሉ አንድ ስልክ ይከብዳታል?» ስትል፣ «የእናቴን ዕድሜ ስትደርሺ አይሻለሁ» እያልኩ እመልስላታለሁ።

አይፎኑን ከካልሲው አውጥቼ የፈለግኩት የመጀመሪያው ነገር እንግዲህ የሴቶችን በር ነው። የለም። ገለበጥኩት፣ አበራሁት፣ አጠፋሁት፤ በቀኝ የለም፣ በግራ የለም። ጌጡን ብጠይቀው ሳቀብኝ። «ከግራ ዳር በጣትህ ጠረግ ታደርጋለህ፤ ይመለስልሃል» አለኝ። ከግራ! በወንዶች በኩል! ሌላውን ለመቆጣጠር ደግሞ ከመቅደሱ ጥግ ይዞ ቁልቁል መጎተት ነው። ሁለት ሳምንት የፈጀ ትምህርቴ በአንድ ስልክ ፈረሰ። እኔ ተሻግሬ እሷ እዚያው ብትቀር፣ የማላየውን ቤት እንዴት አስጎበኛለሁ? ከሥራዬ ብቀር ልጆቼ፣ ከእናቴ ብጠፋ ኅሊናዬ። አራት ወሩ ያለቀው በዚህ ነው፤ አይፎኑ ካልሲው ውስጥ፣ እኔ ሐሳብ ውስጥ።

በመጨረሻ «ፊት ለፊት ልንገራት» ብዬ ካልሲውን በኪሴ ይዤ በሚኒባስ ወደ ሙጃ ወጣሁ። መንገዱን ሙሉ ንግግር ሳዘጋጅ ነበር። እንዳይከፋት፣ እንዳትፈራ፣ ደግሞ ስልኩን ጥላ «ይብቃኝ» እንዳትል አድርጌ፣ ቀስ በቀስ የሚገባ ንግግር። ለሐዘን መርዶ እንኳ ያን ያህል አልተዘጋጀሁም።

በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ልገባ ስል የሰው ድምፅ ሰምቼ ቆምኩ። እናቴ መደብ ላይ ተቀምጣለች፤ ጭኗ ላይ ሦስት ስልክ ተደርድሯል፤ አንዱም የሷ አይደለም። ፊት ለፊቷ የደብሩ ቄስ፣ ቄስ ገብሬ፣ አራተኛውን ስልክ በሁለት እጃቸው ይዘው አቀርቅረዋል።

«አባቴ፣ ዛሬም መቅደሱን ጎተቱት አይደል?» አለቻቸው።

«ብጎትተውስ?» አሉ ቄሱ ቆጣ ብለው። «ቄስ አይደለሁም እንዴ? ለኔማ የተፈቀደ ነው!»

«የተፈቀደልዎ ቤተ ክርስቲያኑ ነው፤ እዚህ ቤት እንደኛው ምእመን ነዎት። ይኸው ኔትወርኩን ዘግተውታል።» ስልኩን ተቀብላ አንድ ጊዜ ነካ አደረገችና መለሰችላቸው። «በሉ አሁን በሴቶች በር ይውጡ።»

ቄሱ ጣታቸውን እንዳነሱ ቀሩ። «እንደው በስተርጅናየ በሴቶች በር? ሰው ምን ይለኛል?»

«ማንም አያይዎትም። ይንኩት።»

ዙሪያቸውን አዩ። ነኩት። ወጡ።

እኔን ያዩኝ ያኔ ነው። እናቴ ጭኗ ላይ ያሉትን ስልኮች በጋቢዋ ልትሸፍን ሞከረች፤ አንዱ ጮኸባት። ቄስ ገብሬ ግን ደስ ብሏቸው ብድግ አሉ። «የላሊበላው ልጇ ነህ? እግዜር ይስጥህ! ምን ብታስተምራት ነው? የሰፈሩ ስልክ ሁሉ እዚህ ነው የሚድነው። ገበያ የመጣ ሰው እንኳ ስልኩ ሲያስቸግረው እትየ አዲሴን ሳያይ አይመለስም» ብለው መስቀል አሳልመውኝ ሄዱ። ካህን በአስተማሪነቴ ስላመሰገነኝ መኩራት ነበረብኝ። አልኮራሁም። ዓመት ሙሉ በየእሑዱ እጇን ይዤ ከጨለማ ያወጣኋት ሴት፣ ዋሻውን ከኔ በላይ ታውቀዋለች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳት።

«ምኑ?»

«የማትጠፊው!»

ሌላ አቅጣጫ አየች። «ከሁለተኛው እሑድ ወዲህ ጠፍቸም አላውቅ።»

«ታዲያ በየሳምንቱ ‹ተሰወረችብኝ› እያልሽ የምታደክሚኝ ምን ሆነሽ ነው?»

«ምን ላድርግ ልጀ?» አለች፤ የተያዘ ሌባ ዓይነት ድምፅ አይደለም፣ ይልቅ የከረመ ቅሬታ ያለበት ድምፅ ነው። «‹ደኅና ነሽ?› ትለኛለህ፤ ‹ደኅና ነኝ› እልሃለሁ፤ ‹እግዜር ይመስገን› ብለህ ትዘጋዋለህ። ጠፋሁ ስልህ ግን አትዘጋውም። እስክወጣ ትጠብቀኛለህ።»

አፈርኩ። ምን እላችኋለሁ፣ መሬት ብትውጠኝ እመርጥ ነበር። እውነቷን ነው። መስመሩ የተመለሰ ቀን ሁለታችንም አልቅሰን መነጋገር አቅቶን ነበር። በሁለተኛው ጥሪ ስለ ሁሉም ጠያየቅን። በሦስተኛው ግን ልክ እንዳለችው ነው፤ ደኅና ነሽ፣ ደኅና ነኝ፣ ዘጋሁት። ለፈረንጅ አንድን ምሰሶ ለግማሽ ሰዓት የማብራራ ሰው፣ ለእናቴ ሦስት ቃል ነበረችኝ።

ካልሲውን አውጥቼ ሰጠኋት። ያ ሁሉ የተዘጋጀሁበት ንግግር ከየት ይምጣ! አይፎኑን አገላበጠች፣ እኔ እንዳደረግኩት በቀኝ ጥግ በሯን ፈለገች፤ አጣቻት። ከዚያ አውራ ጣቷን ዳር ዳሩን ስታስኬድ ከግራ ጠረግ አደረገችውና ተመለሰላት። ጌጡ ያሳየኝን፣ እኔ አራት ወር ያዘንኩበትን ነገር፣ ማንም ሳይነግራት።

«ይችስ በርም የላት» አለች። «መጋረጃዋን ገለጥ አድርገህ ነው የምትወጣው።»

መጋረጃ! ይህን እንዴት እኔ አላሰብኩትም? አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ የመጋረጃውን ትርጉም በሦስት ቋንቋ ሳስረዳ ኖሬያለሁ።

«ለሥራህ የምትረዳህ እችው ናት?» አለችኝ። ናት አልኳት። «በላ ያዛት። የምን መጨነቅ ነው» ብላ መልሳ ካልሲው ውስጥ ከተተችልኝና፣ «አሁን ምን በልተህ ነው የወጣኸው?» ወደሚለው ዋና ጉዳይ ገባች። የአራት ወር ውሳኔዬ ያለቀው በዚህ ነው።

ተሻግሬያለሁ። አሁን የኔም ፎቶ ጫማ ሳይታሰር ይደርሳል፤ ጌጡም «እንኳን ደህና መጣህ» ብሎ እንደ ክርስትና አባት አቅፎኛል። ስልኩን በሁለት ቀን ለመድኩት። ስልኩን ለላኩልኝ ፈረንጅም ከነካልሲያቸው የሚያመሰግን መልእክት በራሴ እጅ ጽፌ ልኬያለሁ።

እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ግን እናቴ ጋ እደውላለሁ።

«እማየ፣ ጠፋሁ» እላታለሁ። «ይች ስልክ የሴቶች በሯ የት ነው?»

 ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ «አይዞህ የኔ አካል፣ አትደንግጥ» ትለኛለች። «መጀመሪያ ቅኔ ማኅሌቱ ላይ ቁም። ቆምክ? እስቲ ወደ ቀኝህ ፈልግ።» ወደ ቀኜ እፈልጋለሁ። መንገድ ላይ ጥጃዋ ታድጋለች፣ የጎረቤቷ ጉልበት ይሻለዋል፣ ቄስ ገብሬ እንደገና መቅደሱን ይጎትታሉ። ሚስቴ ከማዶ ሆና ታየኛለች። ግማሽ ሰዓት እንፈልጋለን።

እስካሁን አላገኘነውም።