ያልበላው ማን ነው?

በየሰፈሩ አንድ አለ። ውሻህን ይዘህ ስትወጣ "ስንት ዓመቷ ነው?" ወይም "ትናከሳለች?" ብሎ አይጠይቅህም። ጎንበስ ብሎ አንገቷን እያከከ፣ ለቅሶ ሊደርስ እንደመጣ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ኢንሹራንስ አላት?" ይልሃል። አላት ካልክ አለቀልህ። የላትም ካልክ ደግሞ የባሰ አለቀልህ።

የእኛ ሰፈሩ ክቡር ሚስተር ዴስመንድ ኦግደን ናቸው። እንግሊዝ አገር፣ ሃሊፋክስ ውስጥ፣ ዳገቱ አናት ላይ ባለችው መንገዳችን፣ እሳቸው ቁጥር አሥራ ሰባት፣ እኔ ቁጥር አሥራ ዘጠኝ፣ ግድግዳ ተጋርተን እንኖራለን። አርባ ዓመት አውቶቡስ ነድተው ጡረታ በወጡ ማግስት የቤት እንስሳት ኢንሹራንስ ሊቀ ሊቃውንት ሆኑ። የሾማቸው የለም። የደረት ኪሳቸው ውስጥ አጉሊ መነጽር ይይዛሉ፤ በውሉ ግርጌ የተደረደረውን ጉንዳን የሚያክል ጽሑፍ የሚያነቡበት ነው። "ትንንሹን ጽሑፍ አንብበሻል?" ይላሉ። እንደምን አደርሽ ማለታቸው ነው።

አንድ ጊዜ ዳቦ ቤት ተሰልፈን ሳለ፣ ወይዘሮ ክሮውተር ለድመቷ በወር ስድስት ፓውንድ ብቻ የሚያስከፍል ኢንሹራንስ አገኘሁ ብላ አፏን አዳለጣት። ሚስተር ኦግደን ከሰልፉ ጭራ ተነስተው መጡ።

"ስድስት ፓውንድ! አንድ ሕመም ቢይዛት አሥራ ሁለት ወር ብቻ ከፍለው ዞር ይላሉ። ድመትሽን ስኳር ቢይዛትስ? ዓመቱ ሲሞላ 'በይ ስኳሩን ተይው፣ ውላችን አልቋል' ልትያት ነው?"

"ኧረ ስኳር የለባትም!"

"ዛሬ የለባትም" አሉ ጣታቸውን አንስተው። ወይዘሮ ክሮውተር የገዛችውን ዳቦ ባንኮኒው ላይ ረስታው ሄደች።

ባለቤታቸው ሞሪን ይህን ጊዜ ከኋላ ትጮህ ነበር፦ "ዴስ፣ ልቀቃቸው እባክህ! ሰው የሚሄድበት አለው!" እሳቸውም ይለቁን ነበር። እሷ ባትኖር ኖሮ ግማሾቻችን ዛሬም እዚያው ዳቦ ቤት ቆመን ነበር።

እኔንም አልማሩኝም። የእኔ ውሻ ባርኒ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላው ርካሽ ድርጅት አግኝቼ ልቀይር ስል፣ የአጥሬን በር ይዘው ቆሙብኝ። "ከወጣሽ ያ የሚያነክሰው ጉልበቱ አዲሶቹ ዘንድ የድሮ ሕመም ነው የሚባለው። ከውሉ በፊት ለነበረ ሕመም ደግሞ ማንም አምስት ሳንቲም አይከፍልሽም። ውድም ቢሆን እዚያው ሁኚ፣ የኔ ልጅ።" ለመገላገል ብዬ እሺ አልኩ። በዓመቱ የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ፤ ነባሮቹ ሁሉንም ከፈሉ። ባርኒ ዛሬ የሚሄደው በሚስተር ኦግደን ነዝናዛነት ነው። በወጉ አመስግኛቸው አላውቅም።

ከሁሉ በላይ የሚጠብቁት ሕግ አንድ ነበር። "የእንስሳት ሐኪም ጋ ጨዋታ የለም። የተጠየቅሽውን መልሰሽ ውጪ። ያወራሽውን ሁሉ ይጽፉታል፤ የጻፉትን ሁሉ ደግሞ ኢንሹራንሱ ያነበዋል።"

ሞሪን ኅዳር መግቢያ ላይ ሞተች። ከቀብር መልስ ምሳ ላይ፣ ሚስተር ኦግደን ቄሱን ጥግ አስይዘው ስለ ቄሱ በቀቀን ኢንሹራንስ ሲያፋጥጧቸው አየን። ሳህን በእጃችን እንደያዝን ተያየን። "ሰውዬው ድንጋይ ነው እንዴ?" አለች ወይዘሮ ክሮውተር በጆሮዬ። እውነቱን ለመናገር እኔም እንደዚያው አስቤ ነበር።

የሰፈሩ ሰው ግን ወጉን አላጎደለም። ተራ ገብተን ምግብ እናመላልስ ጀመር። እኔ ሐሙስና እሑድ፣ በሊጥ ተሸፍኖ የተጋገረ ሥጋና ድንች ወስጄ በር ላይ እሰጣቸዋለሁ። "እንዴት ናችሁ?" ስላቸው "ደህና ነን፣ ደህና ነን" ይላሉ። ሳህኑ በማግስቱ አብረቅርቆ ይመለሳል። መብላታቸው መልካም ነው እያልኩ ወደ ቤቴ እገባ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። በእኛ ከተማ እንስሳ ያለው ሰው "እኔ" አይልም፤ "እኛ" ነው የሚለው። አራስ እናት "ዛሬ በደንብ ጠባን" እንደምትለው፣ እኛም ሐኪም ቤት ስንሄድ "ትንሽ አስሎናል"፣ "ጆሮአችንን ያሳክከናል" እንላለን። ሐኪሞቹም ለምደውታል፤ ውሻውን እያዩ ይጽፋሉ።

የውሻቸው የፔጊ ኢንሹራንስ በሞሪን ስም ስለነበር ከእሷ ጋር አብሮ አበቃ። ሚስተር ኦግደን አዲስ ለመግባት ሁለት ወር ሙሉ ወረቀት አወዳደሩ። ጥር ላይ የፈረሙት፣ ስለ እውነት፣ ከሁሉ የተሻለው ውል ነበር። ዕድሜ ልክ ይከፍላል፣ ዋጋውም ከአቅም በላይ አልነበረም።

መጋቢት ላይ ፔጊ ታመመች። አንጀቷ ላይ እባጭ ተገኘ። ቀዶ ጥገናው አራት ሺህ ፓውንድ፤ ከአሥር ቀን በላይ አይጠብቅም ተባለ። ኢንሹራንሱ አልከፍልም አለ፤ ሕመሙ ከውሉ በፊት የነበረ ነው። ማስረጃ? ታኅሣሥ ላይ ለክትባት የሄዱ ቀን ሐኪሟ ከአፋቸው ተቀብላ የጻፈችው፦ "ምግብ ካቆምን ወር አልፎናል፤ እንቅልፍም የለም።"

ወረቀቱን ሲያሳዩኝ ዓይኔን ማመን አቃተኝ።

"ሚስተር ኦግደን! እርስዎ? ሐኪም ጋ ጨዋታ አመጡ?"

"እንዴት ናችሁ አለችኝ" አሉ።

"እና?"

"ወንበር ስባ ተቀምጣ ነው እኮ የጠየቀችኝ።"

አጉሊ መነጽሩን ከኪሳቸው አውጥቼ ገጹን እስከ ታች አነበብኩት። ግርጌው ላይ፣ በዚያች በጉንዳን ጽሑፍ፣ የፔጊ ክብደት አለ። ጥቅምት፣ ዘጠኝ ኪሎ። ታኅሣሥ፣ አሥር ኪሎ ተኩል።

"ወር ሙሉ ያልበላች ውሻ ኪሎ ተኩል ትጨምራለች?"

ወደ መስኮቱ ዞሩ።

"ትንንሹን ጽሑፍ አንብበውታል?"

"አንብቤዋለሁ፣ የኔ ልጅ።"

"ታዲያ ለምን አልነገሯቸውም?"

"ምን ብዬ?"

ያኔ ገባኝ። ሐሙስና እሑድ የወሰድኩት፣ ወይዘሮ ክሮውተር ያመጣችው፣ ሰፈሩ በሙሉ ያመላለሰው ምግብ የገባው የት እንደሆነ ገባኝ። ሳህኑ ያብረቀረቀው ታጥቦ ሳይሆን ተልሶ ነው። ካፖርታቸው ከትከሻቸው ወርዶ እንደ ተሰቀለ ልብስ መንጠልጠሉንም ገና ያን ቀን አየሁት። አራት ወር በአንድ ግድግዳ ተለያይተን፣ ሰውዬው እንደሚራቡ አላወቅኩም። አፈርኩ። በጣም አፈርኩ።

"እንጻፍ" አልኳቸው። "አሥር ቀን ነው ያለን።"

ቆመው፣ እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው፣ እንደ ዳኛ ያጽፉኝ ጀመር። "ክቡራን ሆይ፣ 'አልበላንም' ተብሎ የተነገረው ቃል፣ አንደኛ፣ ውሻዋን አይመለከትም። ሁለተኛ... ሁለተኛ..." ከዚያ ውኃ ልጣድ ብለው ወደ ጓዳ ሄዱ። ከጓዳ ሆነው "ሁለተኛውን አንቺ ጻፊው" አሉኝ።

ጻፍኩት። "ሁለተኛ፣ ያልበሉት ባለቤቷ ናቸው። ሚስታቸው ሞታባቸው ነበር። ውሻዋ የራሷንም የእሳቸውንም ስትበላ ከርማለች።" ተመልሰው በአጉሊ መነጽሩ ረጅም ጊዜ አነበቡት፤ ፊደሉ ትልልቅ ነበር። ከዚያ ፈረሙ። ሐኪሟም የክብደቱን መዝገብ አያይዛ ፈረመችበት።

በስምንተኛው ቀን ኢንሹራንሶቹ እንከፍላለን አሉ። ፔጊ ሆዷ ተቀደደ፣ ተሰፋ፣ ቤቷ ገባች። እባጩ ተመልሶ ይመጣል፤ ምናልባት አንድ ዓመት ነው ያላት። ይህንንም ሚስተር ኦግደን ያውቁታል።

በሚቀጥለው እሑድ ሳህኔን ይዤ በራቸውን አንኳኳሁ።

"እንዴት ናችሁ?"

አፋቸውን ለ"ደህና ነን" ከፍተው ነበር። መልሰው ዘጉት።

"እሷ ደህና ናት" አሉ። በሩን እንደያዙ፣ "እኔ ደህና አይደለሁም።"

ሳህኑን አልሰጠኋቸውም፤ ይዤው ገባሁ። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ። ሁለቴ ጎረሱ። በሦስተኛው ጉርሻ ላይ እጃቸው ቀስ ብሎ ወደ ጠረጴዛው ሥር ወረደ፤ ፔጊ እዚያ ትጠብቃለች።

"ሚስተር ኦግደን፣ ትንንሹን ጽሑፍ አንብበዋል?"

"የምኑን?"

"የሳህኑን። ለአንድ ሰው ብቻ ይላል።"

እጃቸውን መለሱ። እንባቸው እየወረደ፣ እኔ ተቀምጬ እያየሁ፣ ሁሉንም በሉት።