ሊቀ መኖ ባዘዘውና የአተላው ወተት

ሁለት ላም በታሰረበት ሰፈር ሁሉ፣ ላሞቹ ምን መብላት እንዳለባቸው ከላሞቹ በላይ የሚያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። የእኛ የደብረ ማርቆሶቹ ጋሼ ባዘዘው ናቸው። «ሊቀ መኖ» የሚለውን ማዕረግ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፤ ሰፈሩም አጸደቀው።

ሊቀ መኖ መንገድ ላይ ሰው ሲያገኙ ስለ ልጆቹ አይጠይቁም። «አመሰኳች?» ነው የሚሉት። ላም የሌለው ሰው እንኳ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ያልፋቸዋል። ሠርግ ተጠርተው፣ ሙሽሪትን ሳያዩ ጓሮ ዞረው «የጋኑ አተላ ለማን ተባለ?» ሲሉ ተገኝተዋል። ይጁቤ ገበያ ዘይቱ ተጨምቆ የቀረውን የኑግ ፋጉሎ ሲገዙ ቁራሽ ሰብረው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያኝካሉ።

«ለእርስዎ ነው ለላሟ?» ይላቸዋል ነጋዴው።

«እኔ ያልቀመስሁትን እሷ አትበላም!»

እኔ ያኔ ጀማሪ የባዮሎጂ መምህር ነበርሁ፤ ከበረታቸው አልጠፋም።

«የላም ሆድ ውስጥ በዓይን የማይታይ ገበሬ አለ» አሉኝ አንድ ቀን። «ጭዱን የሚያርሰው እሱ ነው። ጉልበት ከአተላና ከፉርሽካ ያገኛል፤ ፋጉሎ ደግሞ ያፋፋዋል፤ ጨውም አይቅርበት። ድንገት መኖ ከቀየርህበት ግን ያምፃል፣ ላሟም ትነፋለች።»

የማስተምርበት መጽሐፍ ይህንኑ በሦስት ገጽ ነው የሚለው።

በ፲፱፻፹፭ ዓ.ም. ፋጉሎ ከገበያ ጠፋ። ሊቀ መኖ በምትኩ ላሞቻቸውን የጠላ አተላ አስለመዱ፤ መጀመሪያ ግማሽ ጣሳ፣ ከሦስት ቀን በኋላ አንድ ጣሳ። ስድስት ሊትር የነበረው ወተት ስምንት ገባ። ጣዕሙን ግን ማን ይወቀው? ዐቢይ ጾም ነው፤ እሳቸው አይቀምሱም። ሰፈሩ ሲጾም ወተቱን የሚወስዱት ባለሱቋ ወይዘሮ ሳሊሃ ብቻ ናቸው፤ በዚያ ዓመት ደግሞ ረመዳን ከጾሙ ጋር አብሮ ገባ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ወተት የሚቀምስ አዋቂ በመንደሩ ታጣ። ሕፃናት ነበሩ፤ ሊቀ መኖ ግን «ሕፃን ስኳር ካላቀመሱት አይመሰክርም» ብለው አልተቀበሏቸውም።

በረመዳን በሦስተኛው ቀን ሳሊሃ ራሳቸው መጡ።

«አያ ባዘዘው፣ ወተትህ ጠላ ጠላ ይላል። ጠላ ልታስፈጥረኝ ነው? ነገም እንዲህ ከሆነ ሌላ ቤት እፈልጋለሁ።»

ሊቀ መኖ ደነገጡ። ሳሊሃ ከቀሩ እስከ ፋሲካ ገዢ የለም፤ ገዢ ከሌለ ከሁለቱ ላሞች አንዷ ገበያ መውጣቷ ነው።

ሲያስቡ ቆይተው «ሽታው ከመታለቧ በፊት ስትበላው ይሆናል የሚገባ» አሉ። በማግሥቱ አንዷን ላም ከመታለቧ በፊት፣ ሌላዋን ከታለበች በኋላ አተላ አበሏቸው። ወተቱን በሁለት ብርጭቆ የቀዳሁት እኔ ነኝ፤ የትኛው የማን እንደሆነ ለእሳቸውም አልነገርሁም።

አዛን እስኪሰማ ሦስታችንም ሱቁ ደጃፍ ቆመን ጠበቅን። ሳሊሃ በተምር አፈጠሩና አንደኛውን ብርጭቆ አነሡ። ፊታቸው ተጨማደደ።

«ጠላ!»

ሁለተኛውን ቀመሱ፤ ደገሙ፤ ጨረሱት።

«ይሄ ወተት ነው።»

ሊቀ መኖ ወደ እኔ ዞሩ። «አተላውን ከታለበች በኋላ የበላችው ናት» ስላቸው፣ እንደ ልጅ ዘለሉ። ስምንቱ ሊትርም ዳነ፣ ሁለቱም ላሞች ዳኑ።

በማግሥቱ ጠዋት ግን አንድ ጆንያ ፉርሽካ ሲጎትቱ አገኘኋቸው። የአተላው ጋን አፉ ተከድኗል።

«ጋሼ፣ ሽታው ጠፍቶ የለም እንዴ?»

«ጠፍቷል።»

«አተላውን ካቆሙ ወተቱ ይቀንሳል እኮ።»

«ለማነጻጸር ነው። ያለ አተላም መታየት አለበት።»

«እስከ መቼ?»

«እስከ ዒድ።»

«ምርምርና ዒድን ምን አገናኛቸው?»

ጆንያውን መጎተት ተዉ። «ሳሊሃ አሁን ላሞቹ የሚበሉትን አውቃለች። ባይሸታትም ስታፈጥር ጠላውን ታስበዋለች» አሉና ወዲያው ተቆጡ። «ምን ትገተራለህ አንተ? ጆንያውን በዚያ በኩል ያዝልኝ እንጂ!»

ያዝሁላቸው። ከባድ ነበር፤ እስከ በረቱ ድረስ አብረን ጎተትነው።