ሐኪም ያዘዘው የባሕር አየር

ክፉ ወሬ በመደበቅ እኛን የሚያህል የለም። ሰው የሞተበትን ዘመድ «ትንሽ አሟቸው ነው» እያልን በመኪና ወስደን፣ ለቅሶው ድንኳን በር ላይ እናወርደዋለን። እናንተም አድርጋችሁታል፤ አትካዱ።

እኔ ደግሞ ታላቅ ወንድሜን ጋሼ ማቴዎስን ለጉበታቸው ከሐዋሳ ሕንድ አገር፣ ቼናይ ድረስ ይዤ ሄድኩ። ጋሼ መሃል ከተማ የቀለም ሱቅ ያላቸው፣ ዝምተኛ ጴንጤ ናቸው። ሐኪሙ እሳቸው አጠገቤ ተቀምጠው፣ በዚያ በሚንከባለል የሕንድ እንግሊዝኛ፣ የቀራቸው ጥቂት ወር መሆኑን ነገረኝ። እኔ ሁለቴ አስደገምኩት። ጋሼ ጫማቸውን ያያሉ።

«ምን አለ?» አሉኝ ስንወጣ።

«የባሕር አየር ያስፈልግዎታል ይላል፣ ጋሼ።»

ውሸት አንዴ ከአፍ ከወጣ ትኬት ያስቆርጣል። በአውቶቡስ የታሚሎችን ጠረፍ ይዘን ወደ ደቡብ ወረድን። በየከተማው፣ አማልክቱ ከታች እስከ ላይ የተደረደሩበት የቤተ መቅደስ ግንብ አለ። እኔ ባዶ እግሬን ገብቼ ስዞር፣ ጋሼ «የሰው እምነት ነው፤ እኔ ግን አልገባም» ብለው ደጅ ላይ ጫማዬን ይጠብቃሉ። በወጣሁ ቁጥር ዐይናቸው ይበልጥ ቢጫ ሆኖ አገኘዋለሁ። «አየሩ እንዴት ነው?» ስላቸው፣ «መድኃኒት ነው» ይላሉ።

ፑዱቼሪ ስንደርስ ጋሼ፣ ፈረንሳዮች ትተዋቸው የሄዱ ቤቶች ፊት ቆሙ። ግድግዳውን በነጋዴ ዐይን መረመሩና «ባለቤቱ ሄዷል፤ ቀለሙ ግን ጥሩ ተይዟል» አሉ። ከዚያ ባሕሩ ዳር ኮሌታቸውን ቆልፈው፣ «እስከ ደረቴ ብቻ ፎቶ አንሳኝ» አሉኝ። አነሳኋቸው።

ከሦስት ወር በኋላ ያ ፎቶ አድጎ ድንኳኑ ውስጥ ተሰቀለ። ለቀስተኛው «ሐይቅ ዳር የተነሱት ነው» ይባባላል። እኔ ሚስታቸው እትዬ አስቴር እግር ሥር ወድቄ «ሳልነግራቸው ሞቱ!» እያልኩ አለቀስኩ።

«ምኑን ነው የምትነግረው?» አሉኝ። «ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተማረው ሕንዳዊ ነበር እኮ። ሐኪሙ ካለው አንድ ቃል አላመለጠውም። የዚያኑ ቀን ደውሎ ነገረኝ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

እትዬ አስቴር በነጠላቸው ጫፍ ዐይናቸውን ጠረጉ። «‹ማወቄን ካወቀ ልጁ በሰው አገር ይደነግጥብኛል፤ ትንሽ ላንሸራሽረውና አገሩ ገብቶ ይረዳ› ብሎ ነዋ።»

ለካ የባሕር አየሩ የታዘዘው ለእኔ ኖሯል።